ገመናቸው አደባባይ የዋለ፦ ከጄኔቫው ወረፋ እስከ ኮረም ፎቶ

በሜይ 2020 በጄኔቫ፣ ከቬርኔ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ ደጃፍ የተነሣው ወረፋ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝም ነበር። ሰዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምረው ይሰለፋሉ። የሚሰለፉት 20 ፍራንክ ገደማ ለሚያወጣ የቀለብ ከረጢት ነው። ሜይ 9 ቀን ብቻ 1,500 ያህል ከረጢት ታደለ። ወረፋው ውስጥ የቆሙት የሰው ቤት የሚያጸዱ፣ የሰው ሕፃን የሚጠብቁ፣ በየምግብ ቤቱ ዕቃ የሚያጥቡ፣ ግንባታ ላይ የሚውሉ ሠራተኞች ነበሩ። ኮሮና መጥቶ ሥራው ሲዘጋ ገቢያቸው በዚያው ቀን ቆመ። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በወረፋው ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ከተጠየቁት ከግማሽ የሚበልጡት የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ሆነው ተገኙ።

ይህን ወረፋ ዓለም ያየው በፎቶግራፍ ነው። የዜና ወኪሎች ፎቶግራፍ አንሺዎች መጥተው አነሡት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም በባንክና በሰዓት ብቻ የሚታወቀው ከተማ የሚራብ ሰው ያለበት ከተማ ሆኖ ታየ። ከዚያ የሆነውን ልብ ማለት ይገባል። የጄኔቫ ካንቶን ምክር ቤት ገቢያቸው ለተቋረጠ ሠራተኞች የሚውል 15 ሚሊዮን ፍራንክ ፈቀደ። ወረቀት የሌላቸውም እንዲካተቱ በመደረጉ ተቃዋሚዎች ጉዳዩን ወደ ሕዝብ ድምፅ ወሰዱት። ማርች 7 ቀን 2021 ከመራጩ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነው ርዳታውን አጸደቀ። ከዚያ አስቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 2020፣ የካንቶኑ ሕዝብ በሰዓት 23 ፍራንክ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን 58 በመቶ በሆነ ድምፅ ተስማምቶ ነበር። ይኸው ሐሳብ በ2011ም በ2014ም ለድምፅ ቀርቦ ወድቋል። ውጤቱን ያመጣው ፎቶው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ማኅበራቱና ሠራተኞቹ ለዓመታት የታገሉበት ጉዳይ ነው። ግን ያ ወረፋ ከታየ በኋላ በጄኔቫ ድህነት የለም ብሎ ለመከራከር የሚችል ሰው አልነበረም።

የእነዚህ ፎቶዎች ጉልበት የመጣው ከፊት አይደለም። አብዛኞቹ ወረፋውን በርዝመቱ የያዙ ናቸው፤ ሰው ከሰው ተራርቆ ቆሞ፣ ጎዳናው፣ ሕንፃው፣ ከተማው ከነሙሉ ሀብቱ አብሮ ይታያል። በዚያ ጸደይ ብዙ ሰው ጭንብል ያደርግ ስለነበር፣ ወረቀት የሌላት እናት አፍና አፍንጫዋ ተሸፍኖ ነው ፎቶ ውስጥ የገባችው። የሙያ ሥነ ምግባር ሊያደርግ የሚገባውን ወረርሽኙ አደረገላት። ተመልካቹ ግን አንድም ነገር አልጎደለበትም። የራበውን ሰው አይቷል፣ የተራበበትንም ከተማ አይቷል። ስለ ድህነት ፎቶ ለዓመታት ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ለእኔ የሚበልጠው ማስረጃ ይህ ነው። ድሃን ማሳየት ይቻላል፤ ያደኸየውን ነገር አብሮ እስካሳየ ድረስ። ያደኸየው ነገር ከፎቶው ሲወጣ የሚቀረው ፊት ብቻ ይሆናል፤ ፊት ብቻውን ሲቀር ደግሞ ማንም የፈለገውን ታሪክ ይለጥፍበታል።

ይህ የኋለኛው ነገር በዙሪክ ደርሷል። ቬልትቮኸ የተባለው የዙሪክ ሳምንታዊ መጽሔት በኤፕሪል 2012 ሮማ ከሚባለው የአውሮፓ አናሳ ሕዝብ የሆነ አንድ ትንሽ ልጅ ሽጉጥ ወደ ካሜራው ደግኖ የሚታይበትን ፎቶ በሽፋኑ አወጣ። ርዕሱ ሮማዎች ወደ ስዊዘርላንድ ለዘረፋ እየመጡ ነው የሚል ነበር። ሽጉጡ መጫወቻ ነው። ልጁም ስዊዘርላንድን አያውቃትም። ሊቪዮ ማንቺኒ የተባለ ጣሊያናዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ2008 በኮሶቮዋ ጃኮቫ ከተማ ያነሣው ምስል ነው፤ ዓላማውም ልጆቹ በምን ዓይነት ችግር ውስጥ እንደሚያድጉ ማሳየት ነበር። ከፎቶው ጋር የነበረው መግለጫ ወጣ፤ ቦታው ወጣ፤ ምክንያቱ ወጣ። የቀረው አንድ የጎስቋላ ሕፃን ፊትና አንድ የላስቲክ ሽጉጥ ነው። አንሺው ሥራው ያለ አግባብ መዋሉን ተናገረ፣ አቤቱታ ከስዊዘርላንድም ከውጭም ጎረፈ፣ የስዊዘርላንድ የፕሬስ ምክር ቤት መጽሔቱን ነቀፈ፤ የዙሪክ ዐቃቤ ሕግ ግን ምርመራውን ዘጋው።

ይህን ታሪክ የሚሰሙ ብዙ ባለሙያዎች ጥፋቱን በመጽሔቱ አዘጋጆች ላይ ጥለው ያልፋሉ። ጥፋቱ የእነሱ ነው፤ አልከራከርም። ግን ፎቶው ለአራት ዓመት በፎቶ ወኪል መዝገብ ውስጥ ለሚከፍል ሁሉ ለሽያጭ ተቀምጦ ነበር። ልጁም ወላጆቹም ያንን ያውቁ እንደነበር እጠራጠራለሁ። ጠያቂ ቢመጣ እንኳ ለዚህ ጉዳይ አትሽጡብን ብለው የሚናገሩበት መንገድ አልነበራቸውም። ስለ ጎዳና ፎቶግራፍ ሥነ ምግባር ስንነጋገር ዘወትር የምናወራው ስለ አንዲት ቅጽበት ነው፤ አስፈቀደ ወይስ አላስፈቀደም፣ ተጠጋ ወይስ ራቀ። ፎቶ ግን ከተነሣ በኋላ ረጅም ዕድሜ አለው። ይሸጣል፣ ይቆረጣል፣ መግለጫው ይቀየራል። የድሃው ጉዳት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ በሁለተኛው ዕድሜው ነው።

የስዊዘርላንድ ሕግ ለሰው ምስል ደካማ ጠባቂ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 መሠረት የሰው ስብእና የተጠበቀ ነው፤ የገዛ ምስሉም ከዚያው ውስጥ ይቆጠራል። ሰውን ለይቶ የሚያሳይ ፎቶ ለማሰራጨት የባለቤቱ ፈቃድ፣ ወይም የሚበልጥ የግል ወይም የሕዝብ ጥቅም፣ ወይም የሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ከዚህ አይርቅም። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ ሰውዬው የታወቀ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ፍትሕ ወይም ትምህርት ሲጠይቅ፣ ነገሩ ሕዝብን የሚመለከት ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ሲሆን ፈቃድ እንደማያስፈልግ ይደነግጋል። ሁለቱም አገሮች መብቱን ጽፈውታል።

ችግሩ መብቱ የሚሠራው ባለመብቱ ፍርድ ቤት ሲሄድ ብቻ መሆኑ ነው። የዙሪክ ባንክ ኃላፊ በፓራደፕላትስ ቡናውን ሲጠጣ ሳይፈቅድ ፎቶው ቢወጣበት ነገ ጠበቃው ደብዳቤ ይጽፋል። ላንግሽትራሰ አካባቢ ማታ ሾርባ ለመቀበል የተሰለፈው ሰው ጠበቃ የለውም። ወረቀት ከሌለው ደግሞ ክስ ማለት አድራሻን ለመንግሥት መስጠት ማለት ነው። ጎዳና ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ልዩነት ያውቁታል፤ ብዙዎቹ ሳያስቡትም ቢሆን ካሜራቸው የሚያዘነብለው መልስ ወደማይመጣበት ሰው ነው። ባለጸጋው የሚያለቅሰው ቤቱ ውስጥ ነው፤ የሚሰክረው፣ የሚታመመው፣ ከሚስቱ ጋር የሚጣላው በር ዘግቶ ነው። ቤት የሌለው ሰው ይህንኑ ሁሉ የሚያደርገው በአደባባይ ነው፤ የሚተኛበትም የሚታጠብበትም የሚያለቅስበትም ያው መንገድ ነው። እንግዲህ በአደባባይ የሆነን ነገር ማንሣት ነጻ ነው የሚለው ደንብ ለአንዱ የመንገድ ሕይወቱን፣ ለሌላው መላ ሕይወቱን የሚገልጥ ደንብ ሆነ።

የስዊዘርላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት ይህን ልዩነት አንድ ጊዜ በጥሩ ዓይን አይቶታል፤ ጉዳዩ ግን የድህነት ጉዳይ ስላልነበረ ፎቶግራፍ አንሺዎች ብዙም አይጠቅሱትም። ሜይ 31 ቀን 2012 በጉግል ስትሪት ቪው ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ መኪና ላይ የተገጠመ ካሜራ በሚያነሣቸው የመንገድ ምስሎች ፊቶችን የሚያደበዝዘው መሣሪያ ከመቶ አንድ ያህል ቢስት ሊታገሠው እንደሚችል ተናገረ። በጥቂት ቦታዎች ፊት ግን ስሕተት አይፈቀድም አለ፦ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤት፣ በአረጋውያን መኖሪያ፣ ለተጠቁ ሴቶች በተዘጋጀ መጠለያ፣ በፍርድ ቤት፣ በወህኒ ቤት። በእነዚህ አካባቢ ፊት ብቻ ሳይሆን የቆዳ ቀለም፣ ልብስ፣ የአካል ጉዳተኛ መርጃ መሣሪያ ሁሉ እንዳይለይ መደረግ አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰው እዚያ ደጃፍ መቆሙ ብቻውን ስለ ሕይወቱ የሚናገር ነገር አለ። የቀለብ ወረፋ ከዚህ በምን ይለያል? እዚያ መቆም ስለ ሰውየው ገቢ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ልጆቹ ይናገራል። ለአንድ ኩባንያ መኪና የተደነገገው ጥንቃቄ ካሜራ በአንገቱ ላንጠለጠለ ሰው የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚህ የተናገርኩትን ይዞ የሚነሣ አደጋ አለ። ድሃውን አታንሡት የሚለው ድምፅ ድሃውን ከዓይናችን አርቁልን ከሚለው ድምፅ ጋር በቀላሉ ይገጥማል። ጄኔቫ ይህን በሕግ ሞክራዋለች። ከ2008 ጀምሮ ልመናን ከለከለች፤ ከሩማኒያ የመጣች አንዲት ወጣት የሮማ ሴት በመለመኗ 500 ፍራንክ ተቀጣች፣ መክፈል ስላልቻለችም አምስት ቀን ታሰረች። መጀመሪያ ሲይዟት ያገኙባት 16 ፍራንክ ከ75 ሳንቲም ተወስዶባት ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን 2021 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ስዊዘርላንድ መብቷን ጥሳለች ብሎ ፈረደ። ሰው ችግሩን ለሌላው የመናገርና ርዳታ የመለመን መብቱ ከሰብዓዊ ክብሩ የሚመነጭ መሆኑን ገለጸ፤ ድህነት በከተማ እንዳይታይ ማድረግም ለቅጣት በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አመለከተ። ጄኔቫ ከአንድ ዓመት በኋላ አዲስ ሕግ አወጣች፤ ልመናን ከነጭራሹ መከልከሉን ትታ በሱቅ፣ በባንክ፣ በትምህርት ቤትና በመሳሰሉት ደጃፍ ከለከለች።

ይህ ፍርድ ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ነገር ያስተምራል። የምትለምን ሴት ድህነቷን ራሷ እያሳየች ነው። ለማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት እንደምታሳይ የመረጠችው እሷ ናት። እጇን የዘረጋችው ለአላፊ አግዳሚው ነው፤ ለመላው ዓለም አይደለም። ሳንቲም ጥሎላት የሚያልፍ ሰው ነገ ይረሳታል፤ ፎቶው ግን የትውልድ መንደሯ ድረስ፣ ልጇ ስልክ ድረስ ይሄዳል። እሷ ያሳየችው ችግሯን ነው፤ አንሺው የሚወስደው ከዚያ አልፎ ማንነቷን ነው። ስለዚህ ለመነች፣ በአደባባይ ተቀመጠች፣ እንግዲህ ፈቅዳለች የሚለው መከራከሪያ አይቆምም።

ዙሪክ በዚህ ጥያቄ ላይ ያረጀች ከተማ ናት። ሮበርት ፍራንክ የተወለደው እዚያ ነው፤ ቨርነር ቢሾፍም እንዲሁ። ከሁለቱ የቢሾፍ ታሪክ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። ሐንስ ፊንስለር ዘንድ የተማረው ብርሃንና ቅርጽ ነው፤ ቀንድ አውጣና ቅጠል በስቱዲዮ ያነሣ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ወጥቶ የፈረሰችውን አውሮፓ አየ። ዱ የተባለው የዙሪክ መጽሔት የሜይ 1946 ሽፋኑን ለአንድ የሆላንድ ልጅ ፊት ሰጠ፤ ልጁ በሩርሞንድ ከተማ ጦር ጥሎት በሄደ ፈንጂ ፊቱ የቆሰለ ነው። ጦርነት ያልነካት አገር አንባቢዎች ተቆጡ፤ እንዲህ ያለ ፊት በሽፋን ለምን ይወጣል አሉ። አዘጋጁ አርኖልድ ክዩብለር ግን ስዊዘርላንዳዊ አንባቢ ከጎረቤቱ መከራ ፊቱን እንዳያዞር ነበር የፈለገው። በዚህ ፎቶ ላይ ፍርድ ለመስጠት እቸገራለሁ። ልጁ ሕፃን ነው፣ ፊቱም ለዘለዓለም የጦርነት ምልክት ሆኖ ቀርቷል። ያም ሆኖ የአንባቢዎቹ ቁጣ ስለ ልጁ ክብር አልነበረም፤ ስለ ራሳቸው ሰላም ነበር። ቢሾፍ በ1951 ወደ ሕንድ ቢሃር ሄዶ ረሀቡን አነሣ፣ ፎቶዎቹ በላይፍ መጽሔት ወጡ፤ ከዚያ በኋላ መጽሔቶች የሚሹት ጩኸት የሚያስነሣና የሚሸጥ ምስል ብቻ መሆኑ እየመረረው ሄደ። በ1954 በፔሩ ተራሮች መኪናው ገደል ገብቶ ሲሞት ገና 38 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ አርባ ዓመት በኋላ ዙሪክ ራሷ ፎቶ ሆነች። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አጠገብ ያለው የፕላትስሽፒትስ መናፈሻ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሄሮይን የተያዙ ሰዎች መዋያ ነበር። በፌብሩዋሪ 1992 ሲዘጋ ሰዎቹ ወደ ሌተን ጣቢያ ተሻገሩ፤ ያም በ1995 ተዘጋ። የዓለም ጋዜጦች የመርፌ መናፈሻ ብለው ሰየሙት፣ መርፌ ክንዳቸው ላይ የሰኩ ወጣቶችን በቅርብ እያነሡ ሸጡ። ፎቶዎቹ ሁለት ጌታ አገለገሉ። ፖሊስ አስገቡና አጽዱልን የሚሉት ይዘዋቸው ተነሡ፤ ሰዎቹ ታመዋልና እናክማቸው የሚሉትም ይዘዋቸው ተነሡ። ስዊዘርላንድ ከ1994 ጀምሮ ሄሮይንን በሐኪም ቁጥጥር የምትሰጥበትን ሕክምና የጀመረችው በዚህ ግፊት ውስጥ ነው። ግን በዚያ መናፈሻ የተነሡት ወጣቶች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ካሉ ወደ ስድሳ ዓመት የሚጠጉ ሰዎች ናቸው፤ የልጅ ልጅ ያላቸው ይኖራሉ። ድነው፣ ሠርተው፣ ቤት መሥርተው ሳለ የሃያ ዓመት ገላቸው በየዓመቱ መታሰቢያ ጊዜ ጋዜጣ ላይ ይወጣል። የዙሪክ ከተማ ያን ዘመን ልትረሳው አይገባትም፤ እነሱ ግን የመረሳት መብት ሊኖራቸው ይገባ ነበር።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ጄኔቫ ከዚህ ሁሉ በፊት የምስልና የመከራ ጉዳይ የተነሣባት ከተማ ናት። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑካን ሲድኒ ብራውንና ማርሴል ዡኖ በግንባሩ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ሆስፒታሎች ሲደበደቡ፣ በመርዝ ጋዝ የተቃጠሉ ሰዎች ሲመጡ አይተው ለኮሚቴው ጽፈዋል። የመንግሥታቱ ማኅበር ማስረጃውን ሲጠይቅ ኮሚቴው ገለልተኛ ነኝ ብሎ አልሰጠም። ራይነር ባውደንዲስቴል የተባለው ስዊዘርላንዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ከሰባ ዓመት በኋላ ሰነዶቹን ገልጦ ጽፎበታል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ ቆመው ስለ ጋዙ ሲናገሩ፣ ያንን የሚያጸና ወረቀት በዚያችው ከተማ ተዘግቶ ተቀምጦ ነበር። የተደበቀ መከራም ይገድላል። ይህን የምለው ፎቶ አታንሡ ለሚሉት ነው።

የኋለኛው ታሪካችን ደግሞ በሌላው ወገን ይመዝናል። በ1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሀብ ቀርጾ ለእንግሊዝ ቴሌቪዥን አሳየ። ፊልሙ ርዳታ አመጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥቱ ግብዣ ጋር እየቀላቀለ ለሕዝብ አሳይቶ በማግስቱ ንጉሡን አወረደ። የወሎ ገበሬ የተቀረጸው አንድ ጊዜ ነው፤ አንዴ ለርዳታ፣ አንዴ ለአብዮት ዋለ፤ ሁለቱንም ጊዜ አልተጠየቀም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ሞሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበበት ምስል በቢቢሲ ወጣ። ያ ምስል ሰው አድኗል፤ ይህን የሚክድ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም ማለት ነው። ግን ምስሉ ውስጥ ድርቅ አለ፣ ሕፃን አለ፣ ዝንብ አለ፤ ጦርነቱ የለም፣ ከገበሬው የሚሰበሰበው የእህል ኮታ የለም፣ መንገድ የዘጋው ወታደር የለም። ያደኸየው ነገር ከፎቶው ወጥቶ ፊቱ ብቻ ቀረ። ያ ፊት አገሪቱ የምትታወቅበት ሆኖ ቆየ፤ ዙሪክ ወይም ጄኔቫ ትምህርት ቤት የገባ የሐበሻ ልጅ ዛሬም ከክፍል ጓደኛው የሚሰማው ቃል ከዚያ የተረፈ ነው።

አውሮፓውያን ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ከኮረም በኋላ ደንግጠው ነበር። በ1989 ስለ ሦስተኛው ዓለም ምስልና መልእክት የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በ1994 ደግሞ በጄኔቫ ቀይ መስቀልና ግብረ ሰናይ ድርጅቶች ለአደጋ ጊዜ ርዳታ ያወጡት ደንብ በአሥረኛው አንቀጹ የአደጋ ተጎጂዎች ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲታዩ እንጂ ተስፋ የቆረጠ ነገር ተደርገው እንዳይቀርቡ ደነገገ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ድርጅቶች ፈርመውበታል። ደንቡ ጥሩ ነው፤ ድክመቱ ፎቶው ምን እንዳይመስል መናገሩ ነው። ፈገግ ያለ ድሃ ማሳየት ደንቡን ያሟላል፤ ስለዚህ በማስታወቂያዎቹ ላይ የሚያለቅሰው ሕፃን በሚስቅ ሕፃን ተተካ፣ ያደኸየው ነገር ግን ያኔም አሁንም ከፍሬሙ ውጭ ነው።

አዲሱ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። በኦክቶበር 2025 ዘ ጋርዲያን እንደዘገበው፣ በአንትወርፕ የሐሩር ክልል ሕክምና ተቋም ተመራማሪ የሆነው አርሴኒ አሌኒቼቭ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ ከመቶ በላይ የድህነት ምስሎችን ሰብስቧል፤ ድርጅቶች ለዘመቻ ይጠቀሙባቸዋል፣ የምስል መሸጫ ድረ ገጾችም ይቸረችሯቸዋል። መቀመጫውን በስዊዘርላንድ ያደረገውና ለሥነ ምግባራዊ ምስል የሚሠራው ፌርፒክቸር የተባለ ድርጅትም ምስሎቹ በስፋት እየዋሉ መሆናቸውን አረጋግጧል። ርካሽ ናቸው፤ ፈቃድ የሚጠየቅ ሰውም የለባቸውም። አንዳንዶች ይህን መፍትሔ ይሉታል፤ ማንም አልተነካም ይላሉ። ለእኔ የሚያሳየው ግን ፈቃድን እስከ ዛሬ ስናየው የነበረው እንደ ወረቀት ጣጣ መሆኑን ነው። ፈቃድ የተፈለገው ድሃው በታሪኩ ላይ ቃል እንዲኖረው ነበር፤ ቃል ያለውን ሰው አጥፍተን ፈቃድ የማያስፈልገው ምስል ሠራን። መሣሪያውም የሚማረው ከተከማቹት ምስሎች ነው። አፍሪካዊ ድሃ ሥራልኝ ሲሉት የሚያመጣው አርባ ዓመት የተሸጠለትን ፊት ነው።

የእኛ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች ሌላ መንገድ ፈልገዋል። አይዳ ሙሉነህ በ2018 ወተርኤድ ለተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት በአፋር ዳሎል የሠራችው የውኃ ሥራ ማንንም ችግረኛ አላጋለጠም፤ ፊታቸውን ቀለም የተቀቡ፣ በጥንቃቄ የተዘጋጁ ሴቶች ውኃ የመቅዳትን ሸክም ይናገራሉ። ግርማ በርታ ደግሞ የመጣው ከጎዳናው ነው። በአዲስ አበባ መንገድ በስልኩ ያነሣቸውን ሊስትሮዎች፣ ሱቅ በደረቴዎች፣ እናቶች ከአካባቢያቸው ቆርጦ በደማቅ ቀለም ላይ ያቆማቸዋል፤ ለዚህ ሥራው በ2016 የጌቲና ኢንስታግራም ሽልማትን አግኝቷል። የግርማ ሥራ የእኔን መከራከሪያ ይፈትናል። ያደኸየው ነገር አብሮ ይታይ እላለሁ፤ እሱ ግን መንገዱን፣ ጭቃውን፣ የፈረሰውን ግንብ ሁሉ አውጥቶታል። የቀረው ሰው ግን የሚታዘንለት አይደለም፤ አቋሙና አረማመዱ፣ የተሸከመው ዕቃ ሚዛን ይታያል፣ ብዙውንም ጊዜ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው። ስለ ድህነት መንስኤ አይናገርም፤ ርዳታም አይለምንበትም፤ ስለዚህ የማንም ዕዳ የለበትም። መከራን እናሳያለን ብለው ገንዘብ የሚሰበስቡ ፎቶዎች ላይ ያለብን ጥያቄ እሱ ላይ የለብንም።

ያ ጥያቄ ያለብን ሌላ ቦታ ነው፤ በስልካችን ውስጥ። ዛሬ በዩቲዩብና በቲክቶክ በአማርኛ የሚተላለፈው የርዳታ ቪዲዮ ከኮረም ካሜራ የሚለየው ቀራጩ የእኛው ሰው በመሆኑ ብቻ ነው። የታመመች እናት አልጋዋ ላይ እንዳለች ትቀረጻለች፣ ልጆቿ በስማቸው ይጠራሉ፣ ገመናዋ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ስታለቅስ ካሜራው ይጠጋል። ፈቅዳለች ይባላል። ፈቃዷን የሰጠችው የመድኃኒት ገንዘቡን በእጁ ለያዘ ሰው ነው፤ እምቢ ብትል ምን እንደሚቀርባት ታውቃለች። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 ለእሷም ነበር የተጻፈው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለን፤ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ የሚሻ መረጃ አድርጎ የሚቆጥር አዋጅ ነው። አንድም ቻናል ይህን ሲያነሣ አልሰማሁም።

የዚህ ቪዲዮ ገበያ ደግሞ አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። ዙሪክ፣ ጄኔቫ፣ ዋሽንግተን፣ ሪያድ ነው። ቅዳሜ ከሥራ ወጥቶ 50 ፍራንክ የሚልከው የእኛው ወንድምና እኅት ነው፤ አንዳንዱም ራሱ ወረቀት ሳይኖረው የኖረ፣ ወረፋ ላይ ቆሞ ፊቱን ከካሜራ ያዞረ ነው። ፊቷ ካልታየ ገንዘብ አይወጣም የሚሉት የቻናል ባለቤቶች የሚጠቅሱት የእኛን ልብ ነው፤ ለቬርኔው ወረፋ ግን የጄኔቫ ሕዝብ ፊታቸውን እንኳ በደንብ ላላያቸው ሰዎች 15 ሚሊዮን ፍራንክ አጽድቋል። ስለዚህ ላኪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ለቻናሉ ባለቤት የሚጽፋቸው ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። የሆስፒታሉ ወረቀት ስሟ ተሸፍኖ ለምን አይታይም? ልጆቿ ለምን ተቀረጹ? ከማስታወቂያው የሚገኘው ገቢ ለማን ይሄዳል? ሕክምናዋ ሲያልቅ ቪዲዮው የሚነሣው በየትኛው ቀን ነው?